በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ፋይል ላይ መጻፍ

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ በሜሞሪ ይዞት የነበረው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ውጤቱ ለነገ እንዲቆይ፣ ሌላ ፕሮግራም እንዲጠቀምበት ወይም ሰው ከፍቶ እንዲያነበው ከተፈለገ ፋይል ላይ መጻፍ አለበት። ሥራው ሲታይ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው፦ ፋይሉን መክፈት፣ ጽሑፉን መላክ፣ ፋይሉን መዝጋት። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ተነሥቶ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በላይብረሪው፣ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙና በዲስኩ እጅ ያልፋል። አንደኛው ተቀባይ «ተረክቤያለሁ» ስላለ ጽሑፉ ቀጣዩ ዘንድ ደርሷል ማለት አይቻልም። ብዙው የፋይል ጽሕፈት ችግር የሚነሣው ይህ ርክክብ የት ላይ እንዳለ ካለማወቅ ነው።

ምዕራፉ ነገሩን በአንድ ቀላል ምሳሌ ይከታተላል፦ የከተሞችን ስምና በየዕለቱ የጣለውን ዝናብ በሚሊሜትር ተቀብሎ በአንድ ፋይል የሚመዘግብ ፕሮግራም። እያንዳንዱ መስመር የከተማውን ስም፣ ክፍት ቦታና የዝናቡን መጠን ይይዛል።

የላይብረሪው አመጣጥ

ሲን ዴኒስ ሪቺ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በነበረው የቤል ላቦራቶሪዎች ነው። ቋንቋው በራሱ ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከቁልፍ ቃላቱ መካከል «ክፈት» ወይም «ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አይገኝም። ይህ ሁሉ ለላይብረሪ ተትቷል። የላቦራቶሪው ባልደረባ ማይክ ሌስክ ፕሮግራሞች ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲዛወሩ እንዳይቸገሩ ብሎ የግብዓትና የውጤት ፈንክሽኖችን ስብስብ አዘጋጀ፤ ስብስቡ በኋላ ተሻሽሎ ዛሬ መደበኛ የግብዓትና የውጤት ላይብረሪ የሚባለው ሆነ። ብራያን ከርኒግሃንና ሪቺ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ተብራርቷል፤ በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ይዞት ተሰራጭቷል። በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ቋንቋውን በደረጃ ሲያጸድቅ ላይብረሪውም የደረጃው አካል ሆነ። ፕሮግራሙ ላይብረሪውን የሚጠራው ኤስቲዲአይኦ የተባለውን የራስጌ ፋይል በማካተት ነው።

ላይብረሪው ለፕሮግራመሩ ዲስኩን አያሳየውም። የሚያሳየው ስትሪም ነው፤ ይኸውም አንዱ ባይት ሌላውን ተከትሎ የሚሄድበት ፍሰት። ከፍሰቱ ማዶ ያለው የዲስክ ፋይል፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን ወይም ሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ የመጻፊያው አሠራር ግን አይለወጥም። ማንኛውም የሲ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ሦስት ስትሪሞች ተከፍተው ይጠብቁታል፦ አንዱ ለግብዓት፣ አንዱ ለውጤት፣ ሦስተኛው ለስህተት መልእክት። ተማሪው የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጽፎ ሰላምታውን ፕሪንትኤፍ በተባለው ፈንክሽን ወደ ስክሪን ሲያወጣ፣ ሳያውቀው ስትሪም ላይ መጻፍ ጀምሯል። ፋይል ላይ ለመጻፍ የሚጨመረው አራተኛ ስትሪም መክፈት ብቻ ነው።

ፋይሉን መክፈት

ፋይል የሚከፈተው ኤፍኦፕን በተባለው ፈንክሽን ነው። ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የፋይሉን ስምና የአከፋፈቱን ሁነታ። ከተሳካለት ፋይል ወደተባለ የመረጃ ዓይነት የሚያመለክት ፖይንተር ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ፈንክሽኖች ሁሉ ይህን ፖይንተር ይዘው ይሠራሉ። ካልተሳካለት ነል የተባለውን ባዶ ፖይንተር ይመልሳል። ይህን መልስ ሳይመረምር የሚቀጥል ፕሮግራም በባዶ ፖይንተር ለመጻፍ ይሞክራል፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራሙ ድንገተኛ መውደቅ ነው። ስለዚህ ከኤፍኦፕን ቀጥሎ የሚመጣው መስመር መልሱ ነል መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ መሆን አለበት።

ሁነታው በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይገለጻል። አር ለንባብ ብቻ ይከፍታል፤ ፋይሉ ከሌለ አይሳካም። ደብሊው ለጽሕፈት ይከፍታል፤ ፋይሉ ከሌለ ይፈጥረዋል፣ ካለ ግን ይዘቱን ጠራርጎ ባዶ ያደርገዋል። ጥረጋው የሚከናወነው ፋይሉ በሚከፈትበት ቅጽበት እንጂ የመጀመሪያው ቃል በሚጻፍበት ጊዜ አይደለም። የአምስት ዓመት የዝናብ መዝገብ በደብሊው ከፍቶ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ የዘጋ ፕሮግራም መዝገቡን አጥፍቶታል። ኤ ደግሞ ለጭማሪ ነው፤ ነባሩን ይዘት ሳይነካ አዲሱን ከመጨረሻው ላይ ይቀጥላል። በየዕለቱ አንድ መስመር ለሚጨምረው የዝናብ መዝገብ ተገቢው ይህ ነው። በዚህ ሁነታ የተከፈተ ፋይል ላይ ፕሮግራሙ የመጻፊያ ቦታውን ወደ ኋላ ለመመለስ ቢሞክርም እያንዳንዱ ጽሕፈት የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው።

በእነዚህ ፊደሎች ላይ የመደመር ምልክት ሲታከል ፋይሉ ለንባብም ለጽሕፈትም ይከፈታል። ይህ የራሱ ደንብ አለው፦ ከጽሕፈት ወደ ንባብ ሲታለፍ መካከል ላይ የተጠራቀመውን ማስወጣት ወይም ቦታውን በግልጽ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ደንቡ ካልተጠበቀ ደረጃው ለውጤቱ ኃላፊነት አይወስድም። በ2011 የወጣው የቋንቋው ደረጃ ኤክስ የሚባል ተጨማሪ ፊደልም አስገብቷል። ከደብሊው ጋር ሲጻፍ «ፋይሉ አስቀድሞ ካለ አትክፈተው» ማለት ነው፤ ነባር ፋይልን በስህተት ከመደምሰስ ይጠብቃል።

የፋይሉ ስምም ሁለት ወጥመድ አለው። ስሙ ሙሉ አድራሻ ካልያዘ ፋይሉ የሚፈለገው ወይም የሚፈጠረው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ይህ ፎልደር ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ሊለይ ይችላል። ጀማሪዎች «ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ ፋይሉ ግን የለም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተፈጥሮ ስለሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የዊንዶውስ ነው። በዊንዶውስ ፎልደሮችን የሚለየው ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ በሲ ጽሑፍ ውስጥ የልዩ ምልክት መነሻ ነው፤ ኤን ሲከተለው አዲስ መስመር፣ ቲ ሲከተለው ታብ ይሆናል። በእነዚህ ፊደሎች የሚጀምር የፎልደር ስም በአንድ ሰረዝ ብቻ ሲጻፍ አድራሻው ይበላሻል። መፍትሔው ሰረዙን ደግሞ መጻፍ ወይም ዊንዶውስም የሚቀበለውን ወደ ፊት ያዘመመ ሰረዝ መጠቀም ነው።

የመጻፊያ ፈንክሽኖች

ስትሪሙ ከተከፈተ በኋላ በዋናነት አራት ፈንክሽኖች ያገለግላሉ። ኤፍፑትሲ አንድ ባይት ይጽፋል። ኤፍፑትኤስ አንድ ሙሉ ሕብረ ቃል ይጽፋል። ኤፍፕሪንትኤፍ ቁጥሮችንና ቃላትን በተፈለገው ቅርጽ አሰናድቶ ይጽፋል። ኤፍራይት ደግሞ ከሜሞሪ የተወሰነ ብዛት ያላቸውን ባይቶች ምንም ሳይለውጥ እንዳሉ ይገለብጣል።

ኤፍፑትኤስ ሲጽፍ ከሕብረ ቃሉ መጨረሻ የሚገኘውን፣ በሜሞሪ የቃሉን ማብቂያ የሚያመለክተውን ዜሮ ባይት ይተወዋል። አዲስ መስመርም በራሱ አይጨምርም። ወደ ስክሪን የሚጽፈው ወንድሙ ፑትኤስ ግን አዲስ መስመር ይጨምራል፤ በዚህ የተነሣ ፑትኤስን በኤፍፑትኤስ የተካ ፕሮግራመር የመዝገቡ መስመሮች ሁሉ ተቀጣጥለው አንድ ረጅም መስመር ሆነው ያገኛቸዋል። በኤፍራይት የሚጽፍ ሰው የቃሉን ትክክለኛ ርዝመት መስጠት አለበት። ቃሉ የተቀመጠበትን የሜሞሪ ቦታ ስፋት ከሰጠ፣ ከቃሉ በኋላ ያሉ ዜሮዎችና ትርጉም የሌላቸው ባይቶች አብረው ይጻፋሉ፤ ፋይሉንም አንዳንድ ፕሮግራሞች የጽሑፍ ፋይል ነው ብለው አይቀበሉትም።

ለዝናብ መዝገቡ የሚስማማው ኤፍፕሪንትኤፍ ነው። ፈንክሽኑ ስትሪሙን፣ የቅርጽ መመሪያውንና ዋጋዎቹን በቅደም ተከተል ይቀበላል። በመመሪያው ውስጥ % የተባለው ምልክት ከአንድ ፊደል ጋር ሲመጣ ዋጋው የሚገባበትን ቦታ ያሳያል፦ ኤስ ለቃል፣ ዲ ለሙሉ ቁጥር፣ ኤፍ ለነጥብ ቁጥር። በምልክቱና በኤፍ መካከል ነጥብና 1 ሲገቡ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ የከተማ ስምን፣ ክፍት ቦታን፣ የነጥብ ቁጥርንና አዲስ መስመርን የያዘ መመሪያ ሲሰጥ «ጎንደር 23.5» ያለ መስመር ይወጣል። የ% ምልክቱ ራሱ እንዲጻፍ ከተፈለገ ሁለት ጊዜ ይደገማል።

መመሪያውና ዋጋዎቹ እንዲስማሙ የማድረግ ኃላፊነት የፕሮግራመሩ ነው። ለነጥብ ቁጥር በተዘጋጀ ቦታ ሙሉ ቁጥር ቢሰጥ ላይብረሪው አይቀይረውም፤ የተጻፈው ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሆናል። ዘመናዊ ኮምፓይለሮች ማስጠንቀቂያቸው ከተከፈተ አብዛኛውን እንዲህ ያለ አለመጣጣም አስቀድመው ይናገራሉ። የባሰው አደጋ ከውጭ የመጣን ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ተጠቃሚው የተየበውን የከተማ ስም፣ በቀጥታ የመመሪያው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ተጠቃሚው የ% ምልክቶችን ከላከ ኤፍፕሪንትኤፍ እንደ ትእዛዝ ይፈጽማቸዋል፤ በዚህ መንገድ የሜሞሪ ይዘት ሊያሳይ፣ ከዚያም አልፎ ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ክፍተት በ2000 ገደማ በሰፊው ከታወቀ ወዲህ ደንቡ አንድ ነው፦ መመሪያው ምንጊዜም በፕሮግራመሩ የተጻፈ ቋሚ ጽሑፍ ይሁን፤ የተጠቃሚው ጽሑፍ ዋጋ ሆኖ በኤስ ቦታ ይግባ።

ባፈር

ኤፍፕሪንትኤፍ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ገና ፋይሉ ውስጥ የለም። ያለው ባፈር በሚባል፣ ላይብረሪው ከሜሞሪ ለይቶ ባስቀመጠው ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ባይት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጥራት ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ላይብረሪው ጽሑፉን ያጠራቅምና ሲበቃው በአንድ ጥሪ ያስረክባል። አሠራሩ እስኪሞላ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሚኒባስ ታክሲ ነው። የዲስክ ፋይል ባፈር በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች 4096 ባይት ይይዛል፤ ሠላሳ ባይት ገደማ የሆነ የዝናብ መስመር ከመቶ ጊዜ በላይ ከተጻፈ በኋላ ነው የመጀመሪያው ርክክብ የሚፈጸመው።

ባፈር በሦስት መንገድ ሊሠራ ይችላል። ሙሉ ባፈር የሚያስረክበው ሲሞላ ነው፤ የዲስክ ፋይሎች በዚህ ይሠራሉ። የመስመር ባፈር አዲስ መስመር በመጣ ቁጥር ያስረክባል፤ በሊኑክስና በመሰሎቹ ወደ ስክሪን የሚወጣ ጽሑፍ በዚህ ይሄዳል። ሦስተኛው ምንም አያጠራቅምም፤ የስህተት መልእክት ስትሪም እንዲህ ነው፣ ፕሮግራሙ ቢወድቅ እንኳ መልእክቱ ቀድሞ እንዲወጣ። ፕሮግራመሩ ሴትቪበፍ በተባለው ፈንክሽን ሁነታውንና የባፈሩን መጠን ሊቀይር ይችላል፤ ይህን ማድረግ ያለበት ግን ፋይሉን ከከፈተ በኋላ፣ ምንም ሳይጽፍ ወይም ሳያነብ በፊት ነው።

የባፈር መኖር አንድ የታወቀ ግራ መጋባት ያስከትላል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋይሉን የከፈተ ሰው ባዶ ሆኖ ወይም የመጨረሻው መስመር ተቆርጦ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ በመካከል ቢወድቅ ደግሞ በባፈር የነበረው አብሮት ይጠፋል። ስህተት ለማደን ወደ ፋይል የሚጽፍ ሰው በዚህ ይታለላል፤ የመጨረሻው የተመዘገበ መስመር ፕሮግራሙ የወደቀበትን ቦታ የሚያሳይ መስሎት ይፈልጋል፣ እውነተኛው ቦታ ግን ከዚያ ብዙ ርቆ ሊሆን ይችላል።

ባፈሩን ሳይሞላ ለማስረከብ ኤፍፍለሽ የተባለው ፈንክሽን ይጠራል። ኤፍክሎዝም ፋይሉን ሲዘጋ መጀመሪያ የቀረውን ያስረክባል። ፕሮግራሙ በሰላም ሲያበቃ፣ ማለትም ከዋናው ፈንክሽን ሲመለስ ወይም ኤግዚት ሲጠራ፣ ያልተዘጉ ስትሪሞች ሁሉ ተራግፈው ይዘጋሉ። በብልሽት ሲወድቅ ወይም በኃይል ሲቋረጥ ይህ እንደሚሆን ዋስትና የለም። ሆኖም ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ኤፍፍለሽ መጥራት ባፈሩ የተሠራበትን ጥቅም ያሳጣል፤ ጥሪው ተገቢ የሚሆነው ጽሑፉ ቢጠፋ ጉዳት በሚያስከትልበት ቦታ ነው።

ከኤፍፍለሽ በኋላም ጉዞው አላለቀም። ጽሑፉን የተረከበው ከርነል፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልብ፣ እሱም በራሱ ሜሞሪ ያቆየዋል፤ በሊኑክስ ነባሪ ቅንብር ይህ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሊሆን ይችላል። በዚህ ደረጃ ፕሮግራሙ ቢወድቅ ጽሑፉ አይጠፋም፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ ግን ሊጠፋ ይችላል። ከርነሉ ወደ ዲስክ እንዲያወርደው የሚያስገድደው በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች የሚገኘው ኤፍሲንክ ነው። ይህ የሲ ደረጃ አካል አይደለም፤ የሚሠራውም በስትሪሙ ላይ ሳይሆን ከስትሪሙ ሥር ባለው የፋይል መለያ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ኤፍፍለሽ፣ ከዚያ ኤፍሲንክ ነው፤ ሲገለበጥ ኤፍሲንክ ገና ያልደረሰውን ጽሑፍ ለማውረድ ይሞክራል።

ስህተትን ማወቅ

የመጻፊያ ፈንክሽኖች ሁሉ የሥራቸውን ውጤት ይመልሳሉ። ኤፍፑትሲና ኤፍፑትኤስ ካልተሳካላቸው ኢኦኤፍ የተባለውን አሉታዊ ቁጥር ይመልሳሉ። ኤፍፕሪንትኤፍ የጻፈውን ባይት ብዛት፣ ካልተሳካ ደግሞ አሉታዊ ቁጥር ይመልሳል። ኤፍራይት የጻፋቸውን ክፍሎች ብዛት ይናገራል፤ ከተጠየቀው ካነሰ ችግር አለ። ኤፍክሎዝ ሲሳካለት ዜሮ፣ ሳይሳካለት ኢኦኤፍ ይመልሳል።

ባፈር ስላለ የስህተቱ ዜና ዘግይቶ ይመጣል። ዲስኩ ሞልቷል እንበል። ሁለት መቶ ባይት የሚጽፍ ፕሮግራም ኤፍፕሪንትኤፍን ጠርቶ «200» የሚል መልስ ያገኛል፤ ባይቶቹ ባፈሩ ውስጥ በደንብ ገብተዋልና። ቦታ እንደሌለ የሚታወቀው ኤፍክሎዝ ለማስረከብ ሲሞክር ነው። የኤፍክሎዝን መልስ የማይመረምር ፕሮግራም «ተመዝግቧል» የሚል መልእክት አሳይቶ ባዶ ፋይል ትቶ ይሄዳል። ሊኑክስ ይህን ለመሞከር የሚያመች ፉል የተባለ ልዩ ፋይል በዴቭ ፎልደር ውስጥ ያቀርባል፤ የተጻፈበትን ሁሉ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሳል። ፕሮግራሙን ወደዚህ ፋይል እንዲጽፍ አድርጎ ስህተቱን መናገር አለመናገሩን ማየት ቀላል ፈተና ነው።

ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ መልስ መመርመር ኮዱን ያጨናንቃል የሚል ፕሮግራመር አማራጭ አለው። ስትሪሙ አንድ ጊዜ ስህተት ከገጠመው ምልክቱን ይዞ ይቆያል፤ ኤፍኤረር የተባለው ፈንክሽን ምልክቱ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ስለዚህ መስመሮቹን ሁሉ ጽፎ፣ በመጨረሻ ኤፍፍለሽን፣ ኤፍኤረርንና ኤፍክሎዝን መመርመር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ኤፍክሎዝ ባይሳካለትም ስትሪሙ ተዘግቷልና እንደገና መጥራት አይፈቀድም፤ መፍትሔው ጽሕፈቱን ከመጀመሪያው መድገም ነው።

የስህተቱ ምክንያት በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች ኤርኖ በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ በቁጥር ይቀመጣል። ፒኤረር ቁጥሩን ወደ ሰው ቋንቋ መልሶ ወደ ስህተት ስትሪም ይጽፈዋል፦ ፈቃድ የለም፣ ፎልደሩ አልተገኘም፣ በዲስኩ ቦታ የለም የመሳሰለ። ኤርኖ በሌላ ጥሪ ሊለወጥ ስለሚችል ስህተቱ እንደታወቀ ወዲያው መነበብ አለበት።

መስመርና ፊደል

በሲ ፕሮግራም ውስጥ አዲስ መስመር አንድ ምልክት ነው። በሊኑክስና በማክ ፋይል ውስጥም እንዲሁ 10 ቁጥርን የያዘ አንድ ባይት ሆኖ ይገባል። ዊንዶውስ ግን የመስመርን ማብቂያ በሁለት ባይት ይጽፋል፤ 13ን አስቀድሞ 10ን ያስከትላል። በዊንዶውስ በጽሑፍ ሁነታ የተከፈተ ስትሪም ይህን ለውጥ በራሱ ያደርጋል። በሁነታው ፊደል ላይ ቢ ሲጨመር ለውጡ ይቀራል፤ ባይቶቹ እንዳሉ ይጻፋሉ። ምስልና ድምፅ የሚጽፍ ፕሮግራም ቢን ከረሳ፣ በመረጃው ውስጥ 10 ቁጥር ባለበት ሁሉ 13 እየገባ ፋይሉን ያበላሸዋል። በሊኑክስ ቢ መኖሩም አለመኖሩም ልዩነት ስለማያመጣ ስህተቱ ፕሮግራሙ ወደ ዊንዶውስ እስኪሄድ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጨማሪ ጉዳይ አለው። የሲ ላይብረሪ የሚቆጥረው ባይት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው የፊደል አቀማመጥ በ1992 በኬን ቶምሰንና በሮብ ፓይክ የተነደፈ ነው፤ ሁለቱም በዚያን ጊዜ ሲ በተወለደበት በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠሩ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ ያገኘው የቁጥር ቦታ በዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይጠይቃል። «ሰላም» የሚለው ቃል በፋይል ውስጥ ዘጠኝ ባይት ነው፤ ሰ ብቻውን 225፣ 136 እና 176 ተብሎ ይቀመጣል። ኤፍፕሪንትኤፍ «ሰላም»ን ከአዲስ መስመር ጋር ጽፎ የሚመልሰው ቁጥር በሊኑክስ 10 ነው።

ጽሑፉን ፋይል ላይ ለማኖር ይህ ችግር አይፈጥርም። የፕሮግራሙ ኮድ በዩቲኤፍ-8 ከተቀመጠና ኮምፓይለሩ ባይቶቹን ካልለወጠ፣ ኤፍፑትኤስም ኤፍፕሪንትኤፍም ሳይነኩ ያሳልፏቸዋል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን ኮዱ በዩቲኤፍ-8 እንደተጻፈ በአማራጭ ሊነገረው ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ስፋት ሲለካ ነው። የዝናብ መዝገቡ ዓምዶች እንዲሰለፉ ለከተማ ስም 12 ቦታ ቢመደብ፣ ላይብረሪው 12 ባይት ይቆጥራል። «ጎንደር» አራት ፊደል ሆኖ 12 ባይት ስለሞላ ምንም ክፍት ቦታ አይጨመርለትም። «ደሴ» ስድስት ባይት ስለሆነ ስድስት ክፍት ቦታ ይጨመርለታል፤ ቁጥሩም ከጎንደር ቁጥር በአራት ቦታ ርቆ ይወድቃል። ስሙ ከአምስት ባይት እንዳያልፍ ቢገደብ ደግሞ ከ«ጎንደር» የሚጻፈው ጎ እና የን ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ያ ቁራጭ በአብዛኛው አንባቢ ፕሮግራም የተበላሸ ምልክት ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ፊደሎቹን ቆጥሮ የጎደለውን ክፍት ቦታ በፕሮግራሙ መሙላት፣ ወይም ዓምድ ማስተካከልን ትቶ መስኮቹን በታብ ወይም በነጠላ ሰረዝ መለየት ነው። በዩቲኤፍ-8 ፊደል መቁጠር አይከብድም፤ ከ128 እስከ 191 ያሉት ባይቶች የፊደል ተቀጥላ ስለሆኑ እነሱን እየዘለሉ ሌሎቹን መቁጠር ይበቃል።

ነባር ፋይልን ማረም

የጽሑፍ ፋይል የባይቶች ሰልፍ እንጂ የመስመሮች ዝርዝር አይደለም። በመካከሉ አዲስ መስመር ማስገባትም ሆነ መስመር ማውጣት የሚችል የላይብረሪ ፈንክሽን የለም። ፋይሉን ለንባብና ለጽሕፈት ከፍቶ በመካከል የጻፈ ፕሮግራም ባረፈበት ቦታ ያሉትን ባይቶች ይተካል፤ የቀሩት አይንቀሳቀሱም። በመዝገቡ «120» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ላይ «95» ቢጻፍ የመጨረሻው ዜሮ በቦታው ይቀራል፤ መዝገቡም «950» ይላል።

ስለዚህ መስመር ለማረም የተለመደው መንገድ አሮጌውን ፋይል እያነበቡ አዲስ ፋይል መጻፍ ነው፤ የሚታረመው መስመር ሲደርስ አዲሱ በቦታው ይገባል። አዲሱ ፋይል በጊዜያዊ ስም፣ ከአሮጌው ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ይፈጠራል። ጽሕፈቱ ሲያበቃ ኤፍፍለሽ፣ ኤፍሲንክና ኤፍክሎዝ በተራ ይጠራሉ፤ የሁሉም መልስ ይመረመራል። አንዳቸው እንኳ ካልተሳካ ጊዜያዊው ፋይል ይሰረዛል፤ አሮጌው ሳይነካ ይቀራል። ሁሉም ሲሳካ ሪኔም የተባለው ፈንክሽን ለጊዜያዊው ፋይል የአሮጌውን ስም ይሰጠዋል። በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች ይህ መተካት በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፋይሉን የከፈተ ሌላ ፕሮግራም ሙሉውን አሮጌ ወይም ሙሉውን አዲስ ያገኛል፣ ግማሽ የተጻፈ አያገኝም። በዊንዶውስ የሲው ሪኔም ስሙ አስቀድሞ ከተያዘ አይሳካም፤ በዚያ የሲስተሙን የራሱን የመተኪያ ፈንክሽን መጠቀም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለእያንዳንዱ ፋይል አያስፈልግም። እንደገና በቀላሉ ሊወጣ ለሚችል ሪፖርት ደብሊው ሁነታ፣ ኤፍፕሪንትኤፍና መልሱ የተመረመረ ኤፍክሎዝ ይበቃሉ። በየጊዜው መስመር ለሚጨመርበት መዝገብ ኤ ሁነታ ይመረጣል፤ የመጨረሻው መስመር ፕሮግራሙ ቢወድቅም እንዲገኝ ከተፈለገ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ኤፍፍለሽ ይታከላል። ቢጠፋ መተኪያ ለሌለው መረጃ፣ እንደ ሒሳብ መዝገብ፣ የተጠቃሚ ቅንብር ወይም በእጅ የተሰበሰበ የዓመታት ልኬት ላለው፣ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ በስም መተካትና ኤፍሲንክን መጨመር ተገቢ ነው።